ጀንፈል መሐል የደበቅኩት የሕፃን ልብስ

ይህን ትዝታ የናፍታሊን ሽታ ነው የቀሰቀሰብኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አንድ ትልቅ ፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ልጇ አድጎ ያነሰው ልብስ ነው። የመጨረሻ ልጄ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ልጄ ፌስታሉን ስትፈታው ያ ክኒን የሚመስለው የብል መድኃኒት ሽታ ሳሎኑን ሞላው። «ውይ፣ ካልሲውን እዩልኝ! እንዴት ነው የሚያምረው!» እያለች ሶፋው ላይ አንድ በአንድ ዘረጋችው፤ ጎረቤቷንም አቅፋ ሳመቻት። በቃ፣ ዛሬ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። እኔ ግን ዓይኔን ከካልሲው አሸሸሁ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁና እዚያው ቀረሁ። በዚህ ዕድሜዬ የሕፃን ካልሲ ፈርቼ ተደበቅኩ ብል ማን ያምነኛል?

ነገሩ የሆነው ዲላ ነው። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። የምንኖረው ከሞያሌው መንገድ ቁልቁል ወረድ ብሎ፣ የአንድ ቡና ነጋዴ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ከቤታችን ጀርባ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር፤ ነጋዴው ዋጋ እስኪወጣለት ድረስ ጀንፈሉን በጆንያ በጆንያ እያደረገ እዚያ ይከምረዋል። ከነገለባው የደረቀ ቡና ጣፈጥ ያለ፣ ትንሽም ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው። ዝናብ ሲመጣ ያ ሽታ በግድግዳው አልፎ እስከ መኝታችን ይደርስ ነበር።

እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ቀብራለች። አንዱ አርባ ቀን አልሞላውም፤ ሌላው በሳምንቱ ሄደ። ለሁለቱም ገና ሳይወለዱ ልብስ ሰፍታላቸው ነበር። ለሁለተኛውማ ትንሽ ኮፍያ ላይ አበባ ጠልፋለት ነበር፤ አበባው ተጠልፎ ቢያልቅም ልጁ ሳይለብሰው ቀረ። ስለዚህ ሦስተኛውን ስትጸንስ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ አልቀደደችም። «ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይዘጋጅለትም። ሞት ጆሮ አለው» ትል ነበር። ማርገዟንም በአፏ አትጠራውም። ሆዷ ገፍቶ ገፍቶ በር እየጠበባት እንኳ «ትንሽ ነፍቶኝ ነው» ነው የምትለው። አባቴ ይስቅባታል። እኔ አልስቅም ነበር፤ ያንን ሁለተኛውን ልጅ በነጠላ ጠቅልለው ሲያወጡት በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ።

የእናቴ ጓደኛ የድሬሰሩ ሚስት ነበረች። ድሬሰር ማለት ያኔ ሐኪም በሌለበት መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ የጤና ሠራተኛ ነው። ባልና ሚስቱ ያገሩ ተወላጆች፣ ከዲላ አጠገብ የጪጩ አካባቢ ጌዴኦዎች፣ ወንጌል የተቀበሉ ሰዎች ነበሩ። እኔን ወባ ይዞኝ ክሊኒክ ስንመላለስ ነው ከእናቴ ጋር የተዋወቁት። መጀመሪያ ቀን ሴትየዋ ከአግዳሚው ብድግ ብላ «ይቀመጡ እሜቴ» አለቻት። ያኔ ያገሩ ሰው ከሰሜን የመጣ ባለሥልጣን ሚስት ሁሉ እሜቴ ነበር የሚላት፤ መሬቱ የማን እንደሆነ ልቡ እያወቀ። እናቴ አፈረች። «ምን ርስት አለኝ ብለሽ ነው እሜቴ የምትዪኝ? የሰው ቤት ተከራይ ነኝ። እህቴ በዪኝ» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህቴ ሆነች፤ አንቱታውም ቀረ። እኔ ግን እትዬ ብዬ፣ በአንቱታ እንድጠራት ታዝዤ ነበር። እሷ በበኩሏ በአማርኛዋ ወንድና ሴት ብዙም አትለይም ነበርና እኔን ሴቷን «ና ልጄ! ግባ! በላህ?» ትለኛለች። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

አንድ ቅዳሜ የድሬሰሩ ሚስት ከገበያ ስትመለስ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ እኛ ቤት ገባች። መደቡ ላይ አስቀምጣ ፈታችው። ያ የናፍታሊን ሽታ ወጣ። ቢጫ የሱፍ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ከጣት የማትበልጥ ካልሲ፣ የታጠፈ ፎጣ። የመጨረሻ ልጇ የለበሰው ነው፤ ልጁ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል በናፍታሊን አስቀምጣዋለች ማለት ነው።

«እኔ ከእንግዲህ አልወልድም። ባሌም ነግሮኛል፣ ትልቁ ሐኪምም ነግሮኛል» አለች፣ ሹራቡን በመዳፏ እያለሰለሰች። «ሌላ ሰው ሲለምነኝ አልሰጥም ብዬ ነበር። ለእህቴ ነው ያስቀመጥኩት።»

እናቴ ወደ ኋላ ፈቀቅ ስትል አየሁ። እምቢ አላለችም፤ እንዴት ብላ? «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምነው ይህን ሁሉ» አለች፤ እጇ ግን ከጭኗ አልተነሣም። ሴትየዋ መልሳ ቋጠረችው፣ ሳመቻትና ሄደች። በሩ እንደተዘጋ እናቴ «ውሰጅው፣ አውጪው፣ ደጅ ጣራው ሥር አድርጊው!» አለችኝ፤ የገባብን እባብ ነበር የሚመስለው።

ያን ሌሊት አልተኛችም መሰለኝ። ጠዋት ዓይኗ ቀልቷል። አሁን ሳስበው የገባችበት ጭንቅ ይታየኛል። መልሳ ብትሰጣት፣ ያገሬውን ሰው ልብስ ተጸየፈች ይባላል፤ ያቺ አንዲት ጓደኛዋ ትሄዳለች። ቤት ብታስቀምጠው ደግሞ ልጁን የምታጣው ይመስላታል። ሁለት ቀን ካወጣች ካወረደች በኋላ ከፊቷ አቆመችኝና መልእክቷን ነገረችኝ። እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እናቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች። ልብሱ እጅግ አምሮኛል። እኔ ፈሪ ሴት ነኝና አትታዘቢኝ። ስወልድ ራስሽ መጥተሽ በእጅሽ አልብሺልኝ፤ እስከዚያ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ።» ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ባዶ እጅ አይኬድምና የተቆላ ሽምብራ በጨርቅ ቋጠረችልኝ። «አደራ፣ አትቀየም እንዳትቀየም አድርገሽ ንገሪያት» አለችኝ፤ ቋንቋው ራሱ ተምታቶባት።

የልብሱንም የሽምብራውንም ቋጠሮ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። መልእክቱን እንዳይጠፋኝ እያጉተመተምኩ ነው የምሄደው። የድሬሰሩ ቤት አጥር ጋ ስደርስ የሴቶች ሳቅ ሰማሁ። አራት አምስት ሆነው ጓሮው ውስጥ እንሰት ይፍቃሉ። እርጥብ፣ ኮምጣጣ ሽታው እስከ መንገድ ይወጣል። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ የድሬሰሩ ሚስት እጇ እስከ ክንዷ በእንሰት ነጭ ሆኖ ታወራለች። ጌዴኦኛ ከልጆች ጋር ስጫወት ተምሬአለሁና ነገሩ ገባኝ፤ የምታወራው ስለ ልብሱ ነው። የልብሱን ቋጠሮ አጥሩ ሥር ካለው የቡና ተክል ሥር ወሸቅኩና ሽምብራውን ብቻ ይዤ ገባሁ። ለምን? እኔ እንጃ። ልቤ መጥፎ ነገር ነገረኝ።

አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ የጸሐፊው ልጅ ነሽ? እናትሽ የኛን ሰው ልብስ ለልጄ አለብሳለሁ አለች የሚባለው እውነት ነው?» አሉኝ በአማርኛ።

«ነገርኳችሁ አይደለም!» አለች የድሬሰሩ ሚስት፣ እኔ ሳልመልስ። «እናንተ ዝም ብላችሁ ነው የምትጠራጠሩት። እህቴ ናት አልኳችሁ!»

ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። እሷም ታየኛለች፤ እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እንግዲህ እዚያ መሐል ያንን መልእክት እንዴት ብዬ ልንገራት? «እናቴ ሰላም በያት ብላኝ ነው» አልኩ። ሽምብራውን ሰጠኋት። እሷም ጨርቁን በሙዝ ሞልታ መለሰችልኝና «ና ልጄ፣ ግንባርህን ልሳም» ብላ በክርኗ አቅፋ ሳመችኝ።

ቋጠሮውን ከቡናው ሥር አንሥቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። መንገድ ላይ አልጥለው ነገር የሰው ነው፤ ቤት አላስገባው ነገር ሞት ነው። መጋዘኑ ክፍት ነበር። ገባሁና ከጆንያዎቹ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር አጣብቄ ቀበርኩት። ነገ ብቻዋን ሳገኛት እሰጣታለሁ ብዬ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ነገ ብዬ ነበር።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«እሺ ብላለች።»

«አልተቀየመችም?»

ሙዙን አሳየኋት። ሙዙን ስታይ «ተመስገን!» ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ይህን ደስታዋን አይቼ ደግሞ እውነቱን ማውጣት ከበፊቱ ይልቅ ከበደኝ። ነገ ነገን እየወለደ ሳምንታት አለፉ።

እነዚያን ሳምንታት አላልፋቸውም ብዬ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በተገናኙ ቁጥር መሐላቸው እቀመጣለሁ። አንድ እሑድ የድሬሰሩ ሚስት «ሹራቡን ግን ፀሐይ አስመቺው፣ እርጥበት ያበላሸዋል» ልትል «ሹራቡን ግን…» ብላ ስትጀምር የያዝኩትን የውሃ ጣሳ ለቀቅኩት። ምንጣፉ ራሰ፤ እናቴ ቆነጠጠችኝ፤ ወሬው ተቀየረ። ሌላ ጊዜ እናቴ «ያኔ በላክሁብሽ ነገር ስላልተቀየምሽኝ…» ብላ ስትጀምር ሆዴን አመመኝ ብዬ ጮህኩ። ማታ ማታ የጀንፈሉ ሽታ በግድግዳው ሲገባ፣ መሐሉ የናፍታሊን ሽታ ይሸተኝና ልብሱ እየተጠጋን፣ እየተጠጋን የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ስታቃስት እነቃለሁ። ትተነፍስ እንደሆነ አዳምጣለሁ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ደረሰ። ምጥ የጀመራት ሰኞ ጠዋት ነው። ማክሰኞ እኩለ ቀንም አልወለደችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጎረቤቶች ውስጥ ሆነው «ማርያም ማርያም» ይላሉ። አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ኮፍያውን እያወለቀ መልሶ ያደርጋል። አዋላጇ አሮጊት ብቅ ብለው ጮሁ። «መቀነታችሁን ፍቱ! ሳጥኑን ክፈቱ! በዚህ ግቢ የተቋጠረ ነገር ካለ ፍቱ እባካችሁ፣ ምጡን የያዘው እሱ ነው!»

የተቋጠረውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

መጋዘን ገባሁ። ጆንያዎቹን በምን ጉልበቴ እንደገፋሁ አላውቅም። ቋጠሮው አለ፤ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። ልፈታው ሞከርኩ፤ በጥርሴም ሞከርኩ። አልፈታ አለኝ። ያን ጊዜ ከዚህ ግቢ ካልወጣ በቀር እናቴም ልጁም አይተርፉም የሚል ነገር ጭንቅላቴን ያዘው። በባዶ እግሬ፣ በዚያ ቀይ ጭቃ ዳገቱን ሮጥኩ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ።

የድሬሰሩ ሚስት በሩን ስትከፍት ቋጠሮውን ደረቷ ላይ ወረወርኩት። ያ ሦስት ጊዜ የተደገመ መልእክት የት እንደገባ እንጃ። «ውሰጂው!» አልኩ፤ አንቱታውም ጠፋ። «እናቴ አልፈልግም ብላለች! ልብስሽ ልጃችንን ሊገድልብን ነው! ውሰጂልን!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፊቷን ገልጬ ልነግራችሁ አልችልም። አልተቆጣችም። የጭቃውንና የጀንፈሉን ፍርፋሪ ከጨርቁ ላይ በጣቷ አራገፈች፤ ቀስ ብላ። ቋጠሮው እንዳልተፈታ አየች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ምጡ መቼ ጀመራት?»

«ትናንት ጠዋት።»

ቋጠሮውን አልጋዋ ላይ አኖረችና ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ወደ ክሊኒኩ ስትሮጥ እኔ ልደርስባት አልቻልኩም። ባሏን ከነቦርሳው ይዛው መጣች። አሮጊቷ ወንድ አይገባም ብለው በሩ ላይ ሲቆሙ፣ ያቺ ለሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት «ትሙት ነው የሚሉት?» ብላ ጮኸችባቸው። ገቡ። አባቴ እኔን ያዘኝ። ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተደረገ አላየሁም። የማስታውሰው ዝናቡ ቆሞ፣ ከጣራው ጠብ ጠብ ሲል፣ አንድ ቀጭን፣ የተቆጣ የሕፃን ለቅሶ መሰማቱን ነው። ወንድሜ ነው። ዛሬ በር የሚሞላ ሰው ሆኗል፣ የልጅ ልጅ አይቷል።

እልልታው ሲቀልጥ የድሬሰሩ ሚስት ከውስጥ ወጣች። እጇን ከጣራው በሚወርደው ውሃ ታጠበች። አጠገቧ ቆሜ ነበር። አላየችኝም፣ ወይም ላታየኝ ፈለገች።

በሦስተኛው ቀን ልትጠይቅ መጣች። እናቴ ወንድሜን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ያንን ሹራብ ስትጠብቅ ነው፤ ጓደኛዬ በእጇ ታለብስልኛለች ብላ ሌላ ልብስ አላሰፋችም። ሴትየዋ ሕፃኑን አየችው፣ ነጠላውን አየችው። ወደ አልጋው አልቀረበችም።

«እንኳን እግዚአብሔር ረዳዎት፣ እሜቴ» አለች።

እናቴ የምትቀልድ መስሏት ሳቀች። «ምን ሆነሻል? ነይ ተቀመጪ እንጂ!»

«ሥራ አለብኝ፣ እሜቴ። ልጁ ይደግልዎ» ብላ ያመጣችውን ቆጮ በሩ አጠገብ አስቀምጣ ወጣች።

እናቴ ቀኑን ሙሉ በሩን ስታይ ዋለች። «ልብሱን ረስታው ይሆን? መቼም ስጦታ አይጠየቅም፣ ነውር ነው» አለችኝ። መናገር እችል ነበር። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ቢወጣኝ ሁሉም ይስተካከል ነበር። አልተናገርኩም። ዱላውን ፈርቼ አይደለም፤ እናቴ ሁለት ወር ሙሉ ያ ልብስ ከራስጌዋ ጀርባ እንደነበረ ብታውቅ፣ ወንድሜ ባስነጠሰው ቁጥር በድንጋጤ ትሞታለች ብዬ ነው። ወይም ዛሬ እንዲያ ብዬ ነው ራሴን የማጽናናው።

ከዚያ በኋላ ጠላትነት አልሆነም። ጠላትነት ቢሆን ይሻል ነበር። ገበያ ሲገናኙ ሴትየዋ መንገድ ትለቃለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ «እንደምን አሉ እሜቴ» ትላለች። እናቴ እጇን ዘርግታ ትቀራለች። «ምን በድያት ይሆን?» እያለች አባቴን ትጠይቃለች፤ አባቴ «የሴት ነገር» ይላል። ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴ ተዛወረና ከዲላ ወጣን። ዕቃችን መኪና ላይ ሲጫን እናቴ ዓይኗ ከዳገቱ አልተነቀለም። ማንም አልወረደም።

ዓመታት ሄዱ፤ መንግሥታትም ሄዱ። ከዲላ የመጣ የድሮ ጎረቤት የድሬሰሩ ሚስት ማረፏን ነገረን። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሦስት ቀን ተቀመጠች። እኔ ያኔም ዝም አልኩ።

የተናገርኩት እናቴ አርጅታ እኔ ጋ መኖር ከጀመረች በኋላ ነው። በረንዳው ላይ ምስር እንለቅማለን። ፀሐዩ ሞቅ ያለ ነበር፤ እግሯን ዘርግታ ጫማዋን አውልቃለች። ከየት እንደመጣባት እንጃ፣ «ያቺ ሴት ግን ምን አድርጌያት ነው?» አለች። አላስቻለኝም። መጋዘኑን፣ ጀንፈሉን፣ ሙዙን፣ የሮጥኩበትን ዝናብ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ምስር መልቀሟን አላቆመችም።

«በር ላይ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት? በትክክል ንገሪኝ» አለች።

ነገርኳት። ቃሉን ሳልቀንስ። አንድ ጊዜ ደግሞ አስደገመችኝ።

«ይህንን ሰምታ ነው የመጣችው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ይህንን ሰምታ ነው ባሏን ይዛ የሮጠችው?»

«አዎ።»

ሰፌዱን ከጭኗ አንሥታ መሬት አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈለገች፤ አንዱን አደረገች። «ነጠላዬን አምጪልኝ» አለች። «ዲላ የሚሄድ መኪና ከሰዓት በኋላ አይጠፋም።»

«እማዬ፣ ሞታለች እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችና ሁለተኛውን ጫማም አደረገች።